ችፑዱ ውስጥ ያገኘነው

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። ምግብ ቀርቦላችሁ ከሆነ የምታነቡት፣ መጀመሪያ ብሉና ተመለሱ።

የምኖረው መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። አከራዬ እትዬ ዘነበች የድሮ ሰፊ ሳሎናቸውን በድርብ ችፑድ ከፍለው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ቴዎድሮስ ለሚባል ሰው አከራይተውት ነበር። ቴዎድሮስ ዱባይ ተራ ሽቶ ይሸጣል። ሸሚዙ ሁሌ እንደተተኮሰ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሲያልፍ ጠረኑ ከሄደ በኋላ እንኳ ይቆያል። እኔም ሞኟ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጎረቤት ሰጠኝ እያልኩ አመሰግን ነበር። ለካ ውስጡን ለቄስ።

እናቴ እግሯን ለመታከም ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ ጋ ከረመች። ጠዋት ጠዋት ዳዊቷን ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግማለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት እንዲሁ ነው። ቴዎድሮስ መጀመሪያ በድምጿ አማረረ፣ እንቅልፍ ነሱኝ አለ። ቆይቶ ደግሞ ሽታ ጨመረበት። ስለ ሽታው አልዋሸም። ክፍላችን ውስጥ የከረመ ሽንት የሚመስል ነገር ይሸት ነበር። እኔ ከግቢው ሽንት ቤት የሚመጣ መስሎኝ ወለሉን በበረኪና እፈትጋለሁ፤ ሽታው ግን ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን እናቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ አጠገቧ ቆመና እትዬ ዘነበችን፣ «እትዬ፣ እኚህ እናት ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ ልውጣ» አላቸው። እናቴ አቀረቀረች። እኔ ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋት።

እትዬ ዘነበች ከሁለታችንም ጋር ላለመጣላት ሲሉ፣ ቢያንስ ድምጹን አንድ ነገር አድርጊበት ብለው ለመኑኝ። ካልሆነ ቤቱን ልለቅ ነው። በአቅሜ ለሐኪሟ የሚቀርብ ሌላ ቤት አላገኝም፤ ቤቱን ለቀቅኩ ማለት የእናቴ ሕክምና ተቋረጠ ማለት ነው።

ድምፅ የሚከለክለውን ደህናውን ዕቃ ጠየቅኩ፤ ዋጋውን ስሰማ ትቼው ወጣሁ። የምሠራው መጋረጃ ስፌት ስለሆነ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቶኛል። ለሱቃችን መደርደሪያ የሚሠራልን አናጢ ከድር፣ በእኛ በኩል ያለውን ችፑድ ነቅለን በእንጨቶቹ መሀል ጨርቁን ጠቅጥቀን ብንሞላው፣ ዳር ዳሩንም በሲሊኮን ብንደፍነው ድምጹ በጣም እንደሚቀንስ ነገረኝ። ቁርጥራጩን በማዳበሪያ እየሞላሁ አከማቸሁ። ይህ ሁሉ ድካም እንግዲህ አቶ ቴዎድሮስ ተመችቶት እንዲተኛ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከድር መጣ። እናቴን አልጋዋ ላይ ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኳት። የታችኛውን ችፑድ ገና ሲፈለቅቀው አንድ ሃይላንድ ተንከባልሎ እግሬ ሥር ቆመ። ክዳኑ ተዘግቷል፤ ውስጡ ያለው ቢጫ ወደ ቡኒ የሄደ ነው። ሌላው ተከተለ። ችፑዱ ሲላቀቅ የቀረው ሁሉ ተንዶ ወለሉን ሞላው። የፈነዱም ነበሩ፤ የእንጨቱ ግርጌ ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ አብጧል። ከድር «አስተግፊሩላህ» ብሎ መዶሻውን ጥሎ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጥቼ ግቢው ውስጥ አስመለሰኝ።

የእኛ ችፑድ እስከ ኮርኒሱ ድረስ የተዘጋ ነው። የእሱ ግን ከቁምሳጥኑ በላይ ክፍተት አለው። ሽንት ቤቱ ግቢው ዳር ስለሆነ መውጣት ይሰለቸዋል፤ ስለዚህ ፕላስቲክ ውስጥ እየሸና በዚያ ክፍተት ወደ ግድግዳው መሀል ይጥለዋል። አንዳንዱን እንዲያውም በሽቶ መሸጫው ፌስታል ጠቅልሎታል።

እትዬ ዘነበች መጥተው አዩ፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ደወሉለት። መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሰው እንዳያይ በሩን መዝጋት ነው። «ነገሩን አናጋንነው፣ ማታ ግቢው ይጨልማል፣ ደግሞም ጎረቤት ነን» አለኝ። እናቴን ይቅርታ ጠይቅ አልኩት። ዞር ብሎ አያትና «እሳቸውን ምን አደረግኳቸው?» አለ። በእውነት ግራ የገባው ይመስል ነበር።

እናቴ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ዓይኗ ፕላስቲኮቹ ላይ ነው። «እኔ አይደለሁማ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦ «ልጄ፣ ከእኔ መስሎኝ እኮ ነው ውሃ መጠጣት የተውኩት።»

ሐኪሙ ብዙ ውሃ ትጠጣ ብሎ ነበር። ሥራ ስሄድ በጆግ እሞላላታለሁ፤ ማታ ባዶውን አገኘዋለሁ። ለካ መድኃኒቷን በጉንጭ ታወራርድና የቀረውን በር ላይ ትደፋዋለች። የከንፈሯን መድረቅ የበሽታው ነው ብዬ ነበር።

ከድር አልነካውም አለ፤ እኔም አላወጣውም አልኩ። ቴዎድሮስ ያንን የተተኮሰ ሸሚዝ እንደለበሰ በማዳበሪያ እየሞላ፣ ግቢው ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ እያየው ራሱ አወጣው። በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቀቀ። ሊለቅ ሲል ሽማግሌ ላከ፤ ወሬው ዱባይ ተራ እንዳይደርስበት መሆኑ አልጠፋኝም። እናቴ «እግዜር ይቅር ይበለን» ብላ ይቅር አለችው። እኔ እምቢ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ልብሽ ክፉ ነው ብለውኛል፤ ይበሉኝ።

እንጨቱን ቀይረን፣ ጨርቁን ጠቅጥቀን ግድግዳውን ዘጋነው። ሽታው ለቋል። እናቴም እንደፈለገች ትደግማለች። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ሽንት አይደለም። አንድ ሰው የገዛ ቆሻሻውን እናቴ ላይ አላክኮ ሲተኛ፣ እሷ ከጎኔ ተጠምታ ታድር ነበር።