አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የምጠላው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የምጠላው ግን ሙላሕ ነው። የደረቀ ባምያ ዱቄት ተነስንሶበት እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ወጥ። የሚበላበት ኪስራ ደግሞ እንጀራ እንዳይባል ዓይን የለው፣ ወረቀት እንዳይባል ይበላል። ሦስት ዓመት በልቻቸዋለሁ፤ ሦስት ዓመት አልለመድኋቸውም።

ያከራየችኝ ሴትዮ ግን ጣቷን እየላሰች ትበላዋለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ከጎንደር በእግሯ መጥታ፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ አድጋ፣ እዚሁ ወልዳ ከብዳ የቀረች ናት። አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ሳበጥር ውዬ አቧራ ለብሼ ስገባ፣ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሆድሽ አገሩን ናፈቀ?» እያለች ትስቅብኛለች። «አንቱ ምን አለብዎ» እላታለሁ። አንቱታው የአፌ ነው፤ በሆዴ የምጠራት በሌላ ነበር።

ባለፈው ሁዳዴ እናቴ በመተማ ከምትመጣ ሴት ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ሰናፍጭና የባቄላ ዱቄት ላከችልኝ። በስልክ፣ «ከጓሮው የቀረችው እቺ ናት፤ ዘንድሮ ወገቤ እምቢ ብሎኝ አልዘራሁም። ስልጆ ሠርተሽ ጹሚበት» አለችኝ። ለእኔ ጾም ማለት ስልጆ ነው። ሰናፍጩ አፍንጫ ሰንጥቆ እንባ ካላመጣ እናቴ ቤት ሁዳዴ ገባ አይባልም ነበር። ቋጠሮውን ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

ስፈታው ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ሳቋም ጨዋታዋም የለም። እጇን ዘረጋችና፣ «አንድ ማንኪያ ስጪኝ» አለች። ስትለምን አይቻት አላውቅም ነበር።

«ትንሽ ናት፤ አንድ ስልጆ ቢወጣት ነው» አልኋት። እውነቱን ለመናገር ሁለት ይወጣት ነበር። እጇን ሰበሰበችና ሄደች። ደስ አለኝ።

ሱፍ ከሐበሾች ሱቅ ገዝቼ፣ ወቅጬ አጠለልሁ። የባቄላውን ዱቄት በሱፉ ውኃ በጥብጬ አበሰልሁት። ሲቀዘቅዝ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን፣ የተወቀጠውንም ሰናፍጭ አንድ ሳላስቀር ጨመርሁበት። ማሰሮ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በጨርቅ አስሬ፣ እናቴ እንደምታደርገው እሳት ዳር፣ ከሰል የምናነድበት ካኑን አጠገብ አኖርሁት። እኛ አገር ስልጆ ካልሞቀው አይደርስም፤ አምስት ቀን ምድጃ ሥር ይሰነብታል፣ ሳይደርስም ማንም አይከፍተውም።

ሴትዮዋ አየችው። «ይኼ ቤት ራሱ ምድጃ ነው፤ ዚሩ ሥር አድርጊው» አለች። ዚር የምትለው የመጠጥ ውኃችንን ጋን ነው፤ ሥሩ ሁልጊዜ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ማንኪያዋን ስለ ከለከልኋት እንዳይደርስልኝ ተመኘች ብዬ ማሰሮውን ይበልጥ ወደ እሳቱ አስጠጋሁት።

በማግስቱ ስልጆው ውስጥ ውስጡን መፍላት ጀመረ። «ክፈቺው፣ ይተንፍስ» አለችኝ። «እንዳይነኩብኝ» አልኋት። ወደ ሥራ ስሄድ የጨርቁን ቋጠሮ አጥብቄ አስሬ፣ ስመለስ እንደ ነበረ መሆኑን አይ ነበር። ሌባ እንደምጠብቅ ሆንሁ።

በአምስተኛው ቀን ፈታሁት። አረንጓዴ አረፋ ደፍቷል፤ ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስሁ፣ ተፋሁት። የእናቴ ጓሮ በእጄ ላይ አለቀ።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽብኝ!» ብዬ ጮህሁባት። አንቱታው ያን ዕለት ቀረ። «አገርሽን በሙላሕ የለወጥሽ፣ የእኔም እንዲቀር ፈልገሽ ነው።» ቋጠሮው አለመነካቱን ጠዋት ማታ ሳይ የከረምሁት እኔ ነኝ፤ ግን ጮህሁ።

ልወጣ ስል ተናገረች። «እናቴ ከአገር ስንወጣ ለዘር ብላ ሰናፍጭ በመቀነቷ ቋጥራ ነበር። ካምፑ ውስጥ ታማ ተኛች፤ ስልጆ አማረኝ አለች። ሠራሁላት። እኔም እሳት ዳር አስቀመጥሁት፣ እንዳንቺ፤ በሙቀቱ ተበላሸ። ሳትቀምስ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሰናፍጭ በእጄ አልገባም። ያን ማንኪያ ብትሰጪኝ ዚሩ ሥር ልሠራው ነበር። ኻላስ፣ ቀረ።»

ይቅርታ አልጠየቅሁም። ማሰሮውን ይዤ ወጣሁና ደጅ ደፋሁት።

እሑድ እናቴ ደወለች። ስልኬ ጆሮው ስለ ተበላሸ በስፒከር ነው የማወራው፤ የሚያወራኝን ሰው ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ኪስራ ታጥፋለች።

«ስልጆው ደረሰልሽ?»

«ደርሷል እማዬ። አናት ይበሳል።»

«ላከራየችሽ ሴትዮ አቀመስሻት? የሰው አገር ነው፣ ብቻሽን እንዳትበዪ።»

ወደ በረንዳው ዞርሁ። እናቴ፣ «አለሽ?» አለች።

ሴትዮዋ ቀና ሳትል፣ «ቀምሻለሁ እማማ። እጅዎ ይባረክ፤ የእናቴን አስታወሰኝ» አለች።

እናቴ ደስ ብሏት ረጅም ምርቃት መረቀቻት። ሴትዮዋ አሜን፣ አሜን እያለች ተቀበለች። ስልኩን ዘጋሁት። ኪስራውንና የሙላሑን ሳሕን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፤ ቀርቤ በላሁ። እንደዚያ ቀን ጠልቻት አላውቅም።