የመርከቧን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ

ንጋት፣ ፒዮሪያ ስትሪት

ገና ሳይነጋ ከአፓርታማዬ ወጣሁ። የመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ጋግሯል፤ ስፍቀው ጣቶቼ ደነዘዙ። ኮሜርስ ሲቲ ባለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ትናንት አለቃዬ "ለቱና ዓሣ ስብሰባ የመጡ እንግዳ መጋዘኑን ማየት ይፈልጋሉ፣ አምጪልኝ" ብሎኛል። ባሕር በሌለው ኮሎራዶ የቱና ስብሰባ! ሳቄ መጥቶ ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዴንቨር

ሆቴሉ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ጠበቅኩ። ሚስተር አንቷን ከሲሼልስ ናቸው፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዕድሜያቸውን የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ሲፈትሹ የኖሩ። ካፖርት እንኳ አልያዙም፤ ሂተሩን ከፈትኩላቸው። መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቋል።

"ቱና ድንበር አያውቅም" አሉኝ። "ዛሬ እኛ ውሃ ውስጥ ነው፣ በወሩ ሌላ አገር። እኛ ብንቆጥብ ሌላው ከጨረሰው ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ አገሮች ተስማማን። የትኛዋ መርከብ የት እንዳጠመደችው የሚናገር ወረቀት ከዓሣው ጋር ይጓዛል። እዚህ የምታነቢው ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"አዎ" አልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ። የመርከብ ስም ያልተሞላበት ወረቀት ሲመጣ፣ ሹፌሩ እንዳይጉላላ ብዬ፣ ከድሮ ጭነት ገልብጬ እሞላ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሦስት ሰዓት፣ ኮሜርስ ሲቲ

ውጭው ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፤ የውስጡ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሚስተር አንቷን የጭነቶቹን ፋይል ሲያገላብጡ ድንገት ቆሙ።

"የዚህችን መርከብ ፈቃድ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ወደብ ላይ ታስራ ዝጋለች። እንዴት ዓሣ ላከች?"

አለቃዬ ወደ ጭነት ተቀባዩ ዞረ። "ኑረዲን፣ የተረከብከው አንተ ነህ። እንዴት ሳታይ ቀረህ?"

ኑረዲን የመርካቶ ልጅ ነው፤ መኪናዬ በተበላሸች ቁጥር ቤቴ ድረስ የሚያደርሰኝ። ወረቀቱን አየ። የእጅ ጽሑፌን ያውቀዋል። ከዚያ እኔን አየኝ። ስሜን ሳያነሳ ወረቀቱን ለአለቃዬ መለሰ። የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ እንግዳውን ተከትዬ ወጣሁ።

አምስት ሰዓት፣ ወደ ዴንቨር

ቀይ መብራት ላይ አፌ ተከፈተ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እዚያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ፈራሁ።"

"ታዲያ ለእኔ መንገርሽ ለዚያ ሰው ምን ይጠቅመዋል?"

ዩ-ተርን አድርጌ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

ስንደርስ ኑረዲን አለቃው ቢሮ በር ላይ ቆሟል። በእሱ ፊት ሁሉንም ለአለቃዬ ተናገርኩ። አለቃዬ ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነግሮ የጠረጴዛዬን ቁልፍ ተቀበለኝ። ሚስተር አንቷን አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔ የሞላኋቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያወጣን "ምንጩ አይታወቅም" ብዬ በእጄ ጻፍኩባቸው። ክምሩ ሲያድግ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

"ይቅር በለኝ" አልኩት ኑረዲንን።

"ዓይን ዓይኔን እያየሽ ወጣሽ እኮ" አለኝ። ወደ ጭነቱ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤቴ

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አገኘችኝ። "ማሚ፣ ዋይ አር ዩ ሆም?"

ለምን ቤት እንደሆንኩ ሳልቀመጥ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ኢዝ አንክል ኑረዲን ማድ?"

"አዎ፣ ተቆጥቷል" አልኳት። "እውነት አለው።"