ሻጩ ያልወጣበት ስኬትቦርድ

የጎረቤቴ ልጅ አዲስ ስኬትቦርድ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንኳኳ ያ ሻጭ ትዝ አለኝ። ላሊበላ ውስጥ ለቱሪስት መስቀልና ነጠላ፣ ለልጆች ደግሞ ስኬትቦርድ የሚሸጥ፣ ራሱ ግን ከምላሱ በቀር ሌላ ነገር የማያሽከረክር ሰውዬ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ጠቦት ሸጦ ስኬትቦርድ ሊገዛልኝ ወሰደኝ። እኔ ዘንዶ የተሳለበትን አዲሱን ያዝኩ። አባቴ ግን በቅሎ ሲገዛ ሻጩን ሳያስጋልብ የማይከፍል ሰው ነበርና፣ «መጀመሪያ አንተ ውጣበት» አለው።

«በዚህ ዕድሜዬ ወድቄ ልሰበር፣ ጋሼ?»

«ታዲያ ልጄ ይሰበር?»

ሰውዬው ሳቀ እንጂ አልወጣም። አባቴ አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደውን የተጫጫረ አሮጌ ስኬትቦርድ ከሻጩ ዕቃ መሃል አነሳ።

«ይኼስ ተጋልቧል» አለና ከፈለ። እኔ እስከ ቤት አኮረፍኩ።

ያ አሮጌ ዛሬም ይሄዳል። ሻጩም ዛሬ እዚያው ተቀምጦ ዘንዶ የተሳለባቸውን አዳዲሶች ያወድሳል፤ ለጎረቤቴም የልጁን ስኬትቦርድ የሸጠለት እሱ ነው። አንድም ቀን ግን ስኬትቦርድ ላይ ሲወጣ አላየሁም።