መጋረጃ ሰፊዋና ቀጥ ያለው አለት

በአንድ ከተማ መጋረጃ ማሰፋት የፈለገ ሁሉ የሚጠራት አንዲት ሴት አለች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። መስኮት ፊት ቆማ አንዴ ቀና ካለች ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበላ ታውቃለች፤ ሜትሩን የምታወጣው ደንበኛው እንዲያምናት ብቻ ነው። መሰላል ላይ ስትወጣማ ጭራሽ ሌላ ሰው ናት። የመጋረጃውን ቀለበቶች ክንዷ ላይ ደርድራ፣ ዘንጉን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ከታች የቆመውን ሰው በሳቅ እየገደለች ትሠራለች።

ባሏ ሴራሚክ ነጣፊ ነው፤ ዕድሜውን ተንበርክኮ ጨረሰው ማለት ይቻላል። የተገናኙትም አንድ አዲስ ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ ከጣሪያው ሥር፣ እሱ ወለሉ ላይ። ያመለጣትን ቀለበት አንስቶ ሲያቀብላት ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ዓይን አፋር መስሏት ወደደችው። ከተጋቡም በኋላ ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል የምትቀይረው እሷ ናት። እሱ "ጉልበቴ" ይላል፤ የነጣፊ ጉልበት ምን እንደሚሆን የታወቀ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረውም።

ከከተማው ጀርባ ትልቅ ተራራ አለ። በየሰዉ መስኮት ገብቶ ይታያል፤ እሷ ከሰቀለቻቸው መጋረጃዎች ግማሽ ያህሉ ያንን ተራራ የሚጋርዱ ናቸው። በተጋቡ ሰሞን ሁለቱ ሊወጡት ሄደው ነበር። ጫፉ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መንገዱ አለቀና ቀጥ ያለ አለት ፊታቸው ተደቀነ፤ በእጅም በእግርም ካልተወጣ የማይሆን። እሷ ትንሽ ትንፋሽ ልሰብስብ ብላ ተቀመጠች። ባሏ ወዲያው ደክሞሻል፣ እንመለስ አላት። ኧረ አልደከመኝም ብትለውም እጇን ይዞ ቁልቁል ወረደ። አዲስ ሙሽራ ነበረችና እንክብካቤ መሰላት።

ቤት ሲደርሱ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ዘመድ አዝማድ ጫፉ ላይ ወጣችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሱ "እሷ ደከማት" አለ። አማቷ ሳቁ። የባሏ እህት እዚያው "ግማሽ መንገድ" ብላ ስም አወጣችላት። ስሙም ተጣብቆባት ቀረ፤ ልጇ እንኳ አፍ ስትፈታ ሰምታው አደገች።

ሰው ስም ሲያወጣልህ ቀልድ ነው፤ አንተ ራስህ ስታምነው ግን ቀልድነቱ ያበቃል። አንድ ትልቅ ሆቴል የመስኮቶቹን ሥራ ሁሉ ሊሰጣት ሲጠራት፣ ግማሽ ላይ ብተወውስ ብላ ለሌላ መጋረጃ ሰፊ አሳልፋ ሰጠችው። ትልቅ ሱቅ ተገኝቶ ሲቀርብላትም እንደዚያው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እሷ ግን ጠባዬ ነው፣ ምን ላድርግ ብላ በዚያችው ጠባብ ሱቅ ተወስና ኖረች።

ዘንድሮ ትከሻዋ አስቸገራትና ሐኪም ጋ ሄደች። ስንት ዘመን እጅ ወደ ላይ ተሰቅሎ ተሠርቶበት እንዴት ደህና ይሁን? ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል፣ ከዚያ በኋላ መሰላል የሚባል ነገር እርሺው ተባለች። በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያንን ተራራ እወጣዋለሁ አለች። ጫፉ ላይ ሳልቆም ከቀረሁ እውነትም ስሜን ይዤ እሞታለሁ። ባሏ ስለ ጉልበቱ አነሳ። ብቻዬን እሄዳለሁ ስትል ግን ጫማውን አጠለቀ።

እሷ መንገዱን ሙሉ ስታወራ፣ እሱ አቀበቱ በበረታ ቁጥር ወደ ተራራው ጎን እየተጠጋ ሄደ። አለቱ ሥር ሲደርሱ ቀና ብላ እንደ ረጅም መስኮት ለካችው፤ እጅ እዚህ፣ እግር እዚያ። ይወጣል። ልትነግረው ዞር ስትል ባሏ አለቱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ በሁለት እጁ ሣር ጨብጧል።

"ጉልበትህ ነው?" አለችው።

"ጉልበቴ አይደለም። ያን ጊዜም የደከመሽ አንቺ አልነበርሽም። ከፍታውን የፈራሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ስል ሳቁ። ቀጥሎ ስም ወጣልሽ። ከዚያ በኋላ መሸብኝ።"

ደሟ ፈላ። ሆቴሉም ሱቁም ፊቷ ድቅን አሉባት። አፏን ብትከፍት የማይመለስ ቃል እንደሚያመልጣት ስላወቀች ፊቷን ወደ አለቱ አዞረች።

መሰላል ላይ እንደምትወጣው ወጣችው፤ ሁለቱ እግሮች ሳይረጉ እጅ አይለቅም። ትከሻዋ እሳት ሆነ። አንድ ቦታ ላይ እንደተንጠለጠለች ቆማ አለቀሰች፤ ከሕመሙ ይሁን ከንዴቱ ራሷም አላወቀችም። ከዚያ ክንዷን እላይ ጣል ስታደርግ የሚይዝ ድንጋይ አጣች። ከፊቷ ሰማይ ብቻ ነበር።

ቀና አለችና አፏን ከፍታ ቀረች። ተራራው መጨረሻ መስሏት ኖሮ፣ ከጀርባው ሌላ ተራራ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ፣ እየራቁ እየሳሱ ሄደው የት እንደሚያልቁ አይለይም። ደመና ከእግሯ በታች ያልፋል፤ ጥላው ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳል። ከተማው በዚያ በኩል አንድ እፍኝ ሆኖ ተቀምጧል፤ መስኮቶቹ ፀሐይ ሲነካቸው ያብረቀርቃሉ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ሁሉ በየቀኑ እዚህ ነበር። እሷ ከታች ሆና ጨርቅ ስትጎትትበት። እዚያው ተቀመጠች። ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ መጣባት።

"ደረስሽ?" የሚል ቀጭን ድምፅ ከታች መጣ።

ልትተወው ፈለገች። ይገባዋልም። ንዴቷ አልበረደም፤ ግን ይህን ለብቻዋ ማየት አልቻለችም። ከመውጣቱ መውረዱ ይከፋ ነበር፤ ቢሆንም ወረደች።

"ተነስ" አለችው። "ሴራሚክ እንደምትነጥፈው አድርገው። ፊትህ ያለችውን አንዷን ድንጋይ ብቻ እያት። ሌላ የለም።"

ከሥር ሆና እግሩን እያስረገጠች አወጣችው። ዓይኑን ከአለቱ ሳይነቅል ወጣ። ጫፉ ላይም እንደ ሥራ ቦታው ተንበርክኮ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። እጁ እጅጌዋን ፈልጎ ያዘ።

"ይህን ነው የከለከልኩሽ" አለ።

ግድ የለም ልትለው አልቻለችም።

"አዎ" አለችው።

አጠገቡ ተቀመጠች፤ እጅጌዋን አላስለቀቀችም።