ጎማ ለማስቀየር ሽምግልና የሄድን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለሽምግልና ተጠራሁ። የተጣሉት ባልና ሚስት ናቸው... ያጣላቸው ጎማ ነው።

በርሄ የቆየ ወዳጄ ነው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ ተምሮ ሚኒሶታ ያረጀ ሰው። እሱ የማታ ሺፍት፣ ሚስቱ ለተ የቀን ሺፍት እየሠሩ፣ በር ላይ እየተላለፉ ልጅ አሳደጉ። ሁለቱም ጡረታ ሲወጡ በርሄ ትሬለር ገዛ፤ በመኪና የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም ያለው ቤት ማለት ነው። ሐሳቡ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ሄደው አብረው እንዲሰነብቱ ነበር። በትዳር ዘመናቸው ሁለቱ ብቻ ሆነው የትም ሄደው አያውቁም።

ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ ለተ ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን አየች። ፕሊማውዝ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሚመረተውን ዕቃ ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ ስንጥቅ አያመልጣትም። የጎማዎቹ ጥርስ አዲስ ይመስላል፣ ጎናቸው ግን ፀሐይ እንዳደረቀው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ይሄ ሳይቀየር መኪና ውስጥ አልገባም አለች።

በርሄ ትሬለሩን የገዛው ሳያማክራት ነው። ጎማው አርጅቷል ብሎ ማመን፣ ተታለልኩ ብሎ ማመን ሆነበት። ነገር ነገርን ወለደና በመጨረሻ «ይህን ጎማ ብቀይር የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀረ። እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው በስልክ «ዳድ፣ ጀስት ባይ ዘ ታየርስ»፣ ጎማውን ግዛና ተገላገል፣ ብትለውም ጆሮ አልሰጣትም። የሚሄዱበት ቀን እየደረሰ ነው። ለተ እኔንና ሐጂ ጀማልን ለመነችን።

ሐጂ ጀማል ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚኖሩ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ እነበርሄ ቤት ስንደርስ እሱ ድራይቭዌይ ላይ፣ ደጁ ካለው መኪና ማቆሚያ፣ ትሬለሩን ያጥባል። ወንበር አወጣልን። እንደ ወጉ እሺ ሳትለን አንቀመጥም አልነው። እሱም የመጣንበትን ስለሚያውቅ ማጠቡን ቀጠለ።

ቆምን... ቆምን። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ያዘነብሉ ጀመር።

«በርሄ፣ ቶሎ ጨርስልን» አሉት። «የኔ ጉልበት እንደ ጎማህ ነው። ላዩን ስታየው ደህና ነው፣ ሰውነቱ አልቋል።»

በርሄ ሳቁን ዋጠ እንጂ አልተበገረም።

እኔም እንደ መምህርነት ልማዴ ከሥሩ ጀመርኩ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳየሁት። የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ይሄ ጎማ አሥር ዓመት ሊደፍን ነው። ትሬለር አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል፤ ጥርስ ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው አልኩት። ልኩ አንድ እስከሆነ ድረስ የመኪና ጎማም ይበቃል ብዬ ስጨምር ግን አቋረጠኝ። የመኪና ጎማ አይሆንም፣ ጎኑ ይለመጣል፤ ለትሬለር ተብሎ የተሠራውን ነው የምትገዛው አለኝ። የሚችለውም ክብደት ትሬለሩ ከነዕቃው ከነውሃው ሲሞላ ታስቦ ነው። ደግሞ አራቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ እንጂ አሮጌና አዲስ አይደባለቅም አለ።

አልቀይርም ለሚል ሰው ብዙ ያውቃል... ብዬ አለፍኩት።

ማስረዳቱን ትቼ ወደ ልመና ገባሁ።

«በርሄ፣ ዕድሜያችሁን በር ላይ ስትተላለፉ ኖራችሁ። አሁን አብራችሁ የምትውሉበት ቀን ሲመጣ ጎማ ይለያችሁ? መሐላው በእኛ ላይ ይሁን።»

እንዲህ ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ራሴም አልጠበቅሁትም። በርሄ የውሃውን ቧንቧ ዘጋ።

«እንግዲህ እናንተ ደጄ ቆማችሁ ምን እላለሁ። ለእናንተ ስል ነው።»

ሐጂ ወንበሩ ላይ ወደቁ።

ሐሳቡን ሳይለውጥ ብለን ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ትሬለሩን ጎትተን፣ ፍሪዌዩን ትተን በውስጥ መንገድ ቀስ እያልን ጎማ ቤት ሄድን። ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰውዬ በርሄን ገና ሲያየው ፊቱ ፈካ። ያዘዝካቸው ጎማዎች ከመጡ ሰነበቱ፣ ቤትህም ደውለን ነበር፣ ምነው ጠፋህ አለው።

እኔና ሐጂ ተያየን። በርሄ መደርደሪያው ላይ ያለውን የዘይት ጣሳ በጥሞና ያነብ ጀመር።

ስንመለስ ለተ ወጥታ አዲሶቹን ጎማዎች አንድ በአንድ ዙሪያቸውን በጣቷ ዳሰሰች። በርሄ ፈተና እንደሚታረምለት ተማሪ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጥሩ ናቸው» አለችው። ከተኳረፉ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። እሱም ፈገግ ብሎ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

እኔ ግን ከንክኖኛል። ለብቻዋ ሳገኛት ጎማው እኮ ቀድሞ ታዝዞ ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ መምህር። የደወሉት ለኔ ነው» አለችኝ ረጋ ብላ። «በአባቱ አጥንት ምሎ እንዴት ብሎ ሄዶ ያምጣው? የሚለምነው ሰው አጥቶ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግርዎት ኖሮ እንዲያ ከልብዎ ይለምኑት ነበር?»



ሰኞ ጠዋት ሄዱ። አዲስ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ትንሽ ተጉዞ ቆሞ ብሎኖቹን መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋልና፣ እንዳይረሳ ደጋግሜ ነግሬው ነበር። ከመንገድ ደወለልኝ። አጥብቄያለሁ አለ። ከጎኑ የለተ ድምፅ «ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» ሲል ይሰማል... ከዚያ የሁለቱም ሳቅ።

ይሄኛውን ሙግት ሌላ ሽማግሌ ይዳኝላቸው።