ጤነኛው እግር

የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ጠርሙሱ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ይጨማደድና ዝም ይላል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ማድቤት ቆማ ሃይላንድ በሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ወደ አልጋዋ ስትሄድ ያንን ድምፅ ሰማሁና የያዝኩትን ሰሐን አስቀምጬ ወጣሁ። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተ ትፈርዱልኝ እንደሆነ እንጃ፣ እኔስ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አልሆነልኝም።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ብርዱ ሲቀበለው ሰዉ ሁሉ ሹራቡን ከቦርሳው ያወጣል። እኔ የነርስነት ትምህርት ጀምሬ የመጣሁ ጊዜ ግን ይህ ነው የሚባል ሹራብ አልነበረኝም። ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሆጤ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። ግድግዳው እርጥብ ኖራ ኖራ ይሸታል፣ ጠዋት ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነበር። የሃይላንዷን ዘዴ ያስተማሩን አከራያችን ናቸው። «ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር ወሽቁት፤ ብርድ በእግር ነው የሚገባው» አሉን። ያቺ ጠርሙስ ባትኖር ኖሮ ትምህርቱን ትቼ ሐረጎን ቁልቁል እወርድ ነበር። እውነቴን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ለልምምድ ሆስፒታል፣ ወንዶች ዋርድ ተመደብኩ። ዋርዱ የአልኮልና የበረኪና ሽታ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከየቤቱ የመጣ የሹሮ ሽታ ይጨመርበታል። መስኮት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር፤ ከቢስቲማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ማሽላ አራሽ። አባባ እላቸው ነበር። የስኳር በሽተኛ ነበሩ። የቀኝ ተረከዛቸው ቆስሎ አልድን ብሎ በፋሻ ተጠቅልሏል። «እኔ እድሜ ልኬን ስኳር በኪሎ ገዝቼ አላውቅም፤ ይሄ ከየት መጣብኝ?» እያሉ ዋርዱን ያስቁት ነበር። የግራውን እግር ሁላችንም «ጤነኛው እግር» ነበር የምንለው። ሐኪሙም እንዲያ ይለዋል፣ የዋርዱ ኃላፊ ሲስተርም እንዲያ ትለዋለች፣ እኔም ከእነሱ ሰምቼ እንዲያው እል ነበር።

የሚያስታምማቸው ልጃቸው ማሽላውን ወፍ እንዳይጨርሰው ብሎ ለጥቂት ቀናት አገር ቤት ሄደ። አባባ ታዲያ ለሶላት ዉዱእ ማድረግ ቸገራቸው። ፊታቸውንና እጃቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፣ እግራቸው ላይ ግን መጎንበስ አይችሉም። ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ አስታጥባለሁ አልኩ። ሳይጠሩት አቤት የምትል ልጅ ነበርኩ።

«ጓንት አድርጊ ልጄ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «አትቀየሚኝ፣ የሴት እጅ ነክቶኝ ዉዱኤ እንዳይፈርስ ነው።»

አልተቀየምኩም። ሳፋ አቅርቤ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በማንቆርቆሪያ እያፈሰስኩ በጣቶቻቸው መካከል አሻለሁ። እሳቸው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ያያሉ። ከዚያ ይጠይቁኛል።

«ውሃው ደረሰ?»

«ደርሷል አባባ።»

«ተረከዙም?»

«ተረከዙም።»

በፈረቃዬ ሁለት ጊዜ፣ በየቀኑ። ጥያቄው የእምነታቸው ሥርዓት መሰለኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ሲጠይቅ ጉባኤው እንደሚመልሰው፣ እነሱም ጋ የሚያስታጥበው ሰው መመስከር አለበት ብዬ ደመደምኩ። የሚያስቅ ነው፤ ሙስሊም ተማሪ አብራኝ ብትኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም ብላ በመጀመሪያው ቀን ግር ይላት ነበር። እኔ ግን ኮራሁበት። እሑድ ኮምቦልቻ ወርጄ ለእናቴ ሳወራላት «ጌታ ያውቃል፤ ብቻ ሰውዬውን በደንብ አገልግያቸው» አለችኝ።

እኔም ላገለግል ተነሣሁ።

ኅዳር ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ የደሴ ብርድ በሲሚንቶው ወለል ላይ ይሳባል። አባባ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «እግሬን ብርድ ቆረጠመኝ» አሉ።

«የትኛውን አባባ?»

«ሁለቱንም። ይሄኛው ይብሳል» አሉና ጤነኛውን አሳዩኝ።

የእኔም እግር ጫማዬ ውስጥ ደንዝዞ ነበር፣ ስለዚህ በደንብ የገባኝ መሰለኝ። ውሃ አፍልቼ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ቀላቅዬ ሃይላንድ ሞላሁ። እንደተማርነው በክንዴ ውስጠኛ ጎን ሞከርኩት፤ ደስ የሚል ሙቀት ነበር። በፎጣ ጠቅልዬ ግራ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄጄ «ሞቀዎት?» አልኳቸው። «ገና ነው» አሉ። ፎጣውን አነሣሁት። «አሁንስ?» አልኩ። «እንጃ» አሉ። ውሃውን ደፍቼ የፈላውን ብቻ ሞላሁ። ያኔ ነው ጠርሙሱ የተንጫጫው። በሦስተኛው ስጠይቃቸው ፊቴን አዩት። ቅር እንዳለኝ ገብቷቸው ይሆን፣ ወይስ እውነት የሆነ ነገር ተሰምቷቸው ይሆን፣ «አልሀምዱሊላህ! አሁን ተመቸኝ። አላህ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ» አሉኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት ፈረቃዬ አልቆ ወደ ሆጤ ስወርድ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ከተማሪዎቹ ጋር ሲዞር ሲስተሯ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። የጤነኛው እግር መርገጫ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ቋጥሯል፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ሃይላንዱ የለም። አባባ በጠዋት እግራቸውን ሲያዩ የጎረቤት አልጋውን አስታማሚ ለምነው አስጥለውት ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ምን ነካዎት አባባ?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ ምን አውቄ፤ እንዲሁ ወጣ» አሉ። ይህን ሲሉ ያዩት እኔን ነበር።

ሐኪሙ የደም ሥራቸውን ትርታ እብጠቱ ላይ በጣቱ ፈልጎ አጣው። ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ያለ ምክንያት እንዲህ ከወጣ ደም እየደረሰው አይደለም፣ ይሄኛውም እየሞተ ነው፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከሰዓት ይዩት፣ ሁለቱም ሊቆረጡ ይችላሉ አለ። አባባ ፈገግ ብለው ያዳምጡት ነበር፤ አንድ ቃል አልገባቸውም።

ለምን ወዲያው አልተናገርኩም? ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ጭንቅላቴ ዞረብኝ። ገና ነው፣ አልሞቀኝም ሲሉኝ ነበር። ያላሞቀ ውሃ እንዴት ያቃጥላል? ደግሞስ ብርድ የሚያውቅ እግር እሳት እንዴት አያውቅም? ሲስተሯ «ምን ይገትርሻል? ጠርገሽ እሰሪላቸው» ብላኝ አለፈች።

ጓንቴን አጠለቅሁ። ያማቸዋል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጠርገው። «ካመመዎት ይንገሩኝ» አልኳቸው። ወደ መስኮቱ አዩ። ጠረግሁ፣ መድኃኒት ቀባሁ፣ ፋሻውን ዞር ዞር አድርጌ ቋጠርኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ላብ ያጠመቀውን ግንባሬን በክንዴ ስጠርግ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ጀምሪያ ልጄ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ያ ሁሉ «ውሃው ደረሰ?» ባንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«አባባ፣ ስነካዎት አይሰማዎትም እንዴ?»

«ቢሰማኝማ ምን ያስጠይቀኝ ነበር?»

«ብርድ ቆረጠመኝ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ውስጡን ይቆረጥመኛል። ላዩ ግን የእኔ አይደለም፤ ከካቻምና ጀምሮ ጫማዬ መውለቁን የማውቀው ዞር ብዬ ሳይ ነው።»

«ለምን ለሐኪሙ አልነገሩትም?»

«የጠየቁኝ ሌላኛውን ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለ ትናንቱ ሆድ ይፍጀው። አንቺን ተስፋ ያደረጉ ወላጆች አሉሽ፣ ከትምህርትሽ ያባርሩሻል። እኔ ሰትሬሻለሁ፣ ሸፍኜሻለሁ። አላህ የሸፈነውን አትግለጪ። አብሽሪ» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ ጓንቱ ግን ደም ነበረው። «አባባ፣ እግርዎን ሊቆርጡት ነው» አልኳቸው። ያልገባቸው መስለው አዩኝ። ምናልባትም አላመኑኝም።

ሲስተሯ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ፎጣውን፣ የፈላውን ውሃ፣ ዉዱኡን፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ደግሞም ወደ እኔ ሳታይ «እኔም እኮ ያንን እግር አንድ ቀን ነክቼ ይሰማዎታል ወይ ብያቸው አላውቅም» አለች። ወዲያው ተነሥታ ሐኪሙን ጠራችው። የአባባን ዓይን አስጨፍነው የእግር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጥጥ ነኩ፣ በመርፌ ጫፍ ነኩ። አባባ መቼ እንደሚጀምሩ ይጠብቁ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ፣ ዋርዱ ሁሉ እየሰማ፣ «ሙቅ ውሃ ያስቀመጠችልዎ ይህች ተማሪ ናት?» አላቸው።

«አይደለችም» አሉ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«ማንም። አልኳችሁ እኮ፣ እንዲሁ ወጣ።»

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጮኸ። ጎረቤቶቻቸው አልጋቸው ላይ ቀና ቀና አሉ። አባባ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ ሳቡና ፊታቸውን ሸፈኑ። ውሸታም ተብለው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

የቀዶ ጥገና ሐኪሞቹ ሳይጠሩ ቀሩ። እብጠቱ ሲቀንስ የደም ሥሩ ትርታ ተገኘ፣ ቃጠሎውም እንደ ቃጠሎ ታከመ። እኔ ከዋርዱ ታገድኩ፤ ልምምዱንም በዓመቱ እንደገና ጀመርኩት።

የሚወጡበትን ቀን ሲስተሯ ነገረችኝ። የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ልጃቸው ደግፏቸው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ቀስ እያሉ መጡ። ቀኙ አሁንም በፋሻ ነው፤ ግራው ሰፊ ጫማ ውስጥ ገብቶ መሬት ይረግጣል። ይቅርታን በእሳቸው ቋንቋ ልጠይቅ ብዬ ከጎረቤት ሙስሊም ልጅ ተምሬ፣ መንገድ ለመንገድ ስደጋግመው ነበር የመጣሁት።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

ቆሙ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እንደሚጨነቅልኝ ሰው ነበር ያዩኝ።

«ለየቱ ልጄ?» አሉ። «ስላቃጠልሽኝ ነው ወይስ ሰው ፊት ስለገለጥሽኝ?»

መልሴን ጠበቁ፤ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ጠበቁ። ልጃቸው «ባጃጁ ቆሟል፣ ወደ መናኸሪያ እንሂድ» አላቸው። ገቡና ሄዱ።

«ለሁለቱም» ማለት እንደሚቻል ትዝ ያለኝ ሆጤ ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ግን እውነት ይሆን ነበር? ለመጀመሪያው ዛሬም አፉ ቢሉኝ እወዳለሁ። ሁለተኛውን ባላደርገው ኖሮ በሁለት እግራቸው ቢስቲማ አይገቡም ነበር፤ ያንን እያወቅሁ እንዴት ይቅርታ እጠይቃለሁ? ደግሞስ እንዴት አልጠይቅም? ያንን ጋቢ ፊታቸው ላይ ሲስቡት እዚያው ቆሜ አይቻለሁ እኮ።