መንዙማው የሚያልቅበት ቦታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሱሴ አንድ ነው፤ ከሐረር ወደ ድሬ ጠያራ ገጠር ወርጄ የድሮ የቦታ ስም መመዝገብ። ሐረር ያሉ ጓደኞቼ «የጂኦግራፊ አስተማሪ ጡረታ ሲወጣ ያብዳል» ይላሉ። ይበሉ። እኔ ማንም ያልጻፈውን የማሳ ስም ስሰማ ልቤ ድው ድው ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሆንኩ። ገበሬዎቹ «ነገ ኦዳው ጋ እንገናኝ» አሉኝ። ኦዳ በኦሮምኛ ሾላ ነው፤ የማየው ሾላ አንድ ብቻ ስለነበር ጥላው ሥር እስከ ቀትር ተገትሬ ዋልኩ። እነሱ ደግሞ አባቶቻቸው የቆረጡት ኦዳ የነበረበት ባዶ ማሳ ላይ ሲጠብቁኝ አረፈዱ። እዚያ አገር ዛፉ ቢቆረጥም ስሙ አይነቀልም።

በኋላ ለመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ሆነ። የቁፋሮው ባለሙያ ግን እስከ ዓርብ ውሃ ለመኖሩ ምልክት ካልተገኘ ጉድጓዱ ለማዶው መንደር ይሆናል አለ። አንዲት አዛውንት ከኦዳው በታች ጎርፍ የደፈነው ምንጭ እንደነበረ ነገሩኝ። ልጃቸው በየቀኑ ሱብሂ ሰግዳ በጨለማ ትወጣለች፤ ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ሙሉ ትጓዛለች።

አዛውንቷ የምንጩን ቦታ አላስታወሱም፤ ያስታወሱት መንዙማ ነው። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ከምንጩ ሲነሡ ይጀምሩታል፤ ሲያልቅ ኦዳው ሥር ደርሰው ሸክማቸውን ያወርዳሉ። ይህን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። ወዲያው ከኦዳው ቦታ ተነሥተን፣ እሳቸው መንዙማውን እያሉ ቁልቁል ወረድን፤ ያለቀበት ላይ ቆፈርን። አቧራ ብቻ ወጣ። ተናድጄ ደብተሬን ዘጋሁ።

አዛውንቷ ትንሽ አሰቡና ሳቁብኝ።

«እኛ እኮ ዳገቱን ስንወጣ፣ ከነሸክማችን ነበር የምንለው። ባዶ እጅህን ቁልቁል እየሮጥክ የት ልትደርስ ነው፣ ልጄ?»

ልጃቸው ሙሉ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ አቧራ ብቻ ከወጣበት ጉድጓድ ዳገቱን ጀመረች። እናት ከጎኗ ሆነው መንዙማውን አነሡ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። መንዙማው ኦዳው ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ሲቀር አለቀ። ምንጩ በዚያው ልክ ለኦዳው ይቀርባል ማለት ነው፤ ስለዚህ ተመልሰን ከደረቀው ጉድጓድ ሃያ እርምጃ ከፍ ብለን ቆፈርን።

ክንድ ያህል እንደወረድን አፈሩ ጠቆረ። ጥቂት ዝቅ ስንል በጣቶቼ መሐል ውሃ አንጠባጠበ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ፤ አላፍርም፣ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ባለሙያው እርጥቡን አፈር አየና የጉድጓዱን ችካል እዚያው ተከለ።

ልጅየዋ ከነጀሪካኗ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ችካሉን አየችው።

«የጉድጓዱ ውሃ የወጣ ቀን» አለች፣ «ሱብሂ ሰግጄ ተመልሼ እስኪረፍድ ነው የምተኛው።»

እናቷ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «ወላሂ አልቀሰቅስሽም» አሏት።